3 ሳንቲ የማርብል ፋሻ መጨረሻው ሳይሰበር እንዴት ይቆረጣል?

ጠያቂ (ወለል ሥራ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 30 በ60 የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ የዳለቲ ማርብል አለ። ከሱ ላይ 3 ሳንቲ ስፋት፣ 60 ሳንቲ ርዝመት ያላቸው ፋሻዎች ወጥተው የሳሎኑን ወለል ዙሪያውን ይዞራሉ፤ በጠቅላላ 22 ሜትር። የሚቆረጠው ከላይ በሚወርድ ባለ 250 ሚሊ ዲስክ የውሃ ማሽን ነው፤ ድንጋዩ በእጅ ይገፋል። እስከ 57 ሳንቲ ቆንጆ ሆኖ ይሄድና መጨረሻው ላይ ቀጭ ብሎ ጫፉ ይቀራል። የታችኛው ጠርዝ ይሸራረፋል። ሦስተኛው አራተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ፋሻው በ1 ሚሊ ያህል እየቀጠነ ይመጣል። ችግሩ ዲስኩ ነው አያያዙ? ስንት ማርብልስ ይበቃል?

ማርብል ቆራጭ፦
ወንድሜ፣ ዲስክ ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ከድንጋዩ ሥር ያለውን እይ። የማሽኑ ጠረጴዛ ዲስኩ የሚያልፍበት ክፍተት አለው። 3 ሳንቲ ፋሻ ማለት ደግሞ አንድ ጠርዙ ሙሉ በሙሉ በዚያ ክፍተት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ያልተቆረጠው 2 ወይም 3 ሳንቲ ብቻ ሲቀር የፋሻው ክብደትና የማሽኑ ንዝረት በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲያጎብጡት ግን አይችልም፤ ስለዚህ ይሰበራል። የታችኛው ጠርዝ የሚሸራረፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዲስኩ ከላይ ገብቶ በታች ሲወጣ የሚይዘው ነገር የለም።

መፍትሔው ከሥር የሚሠዋ ነገር ማንጠፍ ነው። አሮጌ የወለል ሴራሚክ፣ 30 በ60 ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይነጠፍ፤ ማርብሉም ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥበት። ዲስኩን አውርደህ ማርብሉን ጨርሶ ሴራሚኩን 3 ሚሊ ብቻ እንዲነካ አድርገው። ሁለቱ አንድ ላይ ይገፋሉ፣ ሁለቱም መደገፊያውን ሪጋ ይነካሉ። እንዲህ ከሆነ የሴራሚኩ ጭረት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሆናል፣ ከዲስኩም አይሰፋም። ጭረቱ ከሰፋ ሴራሚኩን ቀይር። ኮምፔንሳቶ አትጠቀም፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ድንጋዩን ያነሣዋል።

ከማርብሉ ኋላ ደግሞ ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ማርብል አስጠግተህ አብረህ ግፋ። ዲስኩ ፋሻውን ጨርሶ ወደዚያ ቁራጭ ይገባል እንጂ ባዶ ላይ አይወጣም። ስትጨርስ ማሽኑን አጥፋና ዲስኩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቅ፤ ድንጋዩን ከዚያ በፊት ወደ ኋላ ከሳብከው ቆንጆውን ጠርዝ ዲስኩ መልሶ ይበላዋል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ለ60 ሳንቲ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ስጠው። ጆሮህን አምነው፤ ድምፁ ወፍራም ሲሆን ተጭነሃል ማለት ነው።

የ1 ሚሊውን ነገር ግን ዲስኩ አላደረገውም። በሪጋውና በድንጋዩ መካከል የሚገባው ጭቃ ነው። አንዲት የድንጋይ ፍርፋሪ ከገባች ድንጋዩ ከሪጋው ይርቃል፣ በሪጋውና በዲስኩ መካከል ያለው ፋሻም በዚያው ልክ ይቀጥናል። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ሪጋውን በስፖንጅ ጥረግ፣ የድንጋዩንም ጠርዝ እጠብ።

ግንበኛ 75፦
አምስት ሳንቲ ሲቀር አቁሞ ድንጋዩን አዙሮ ከወዲያ ጫፍ መጨረስ ይሻላል ባይ ነኝ። ምንም ማንጠፍ አያስፈልግም።

ማርብል ቆራጭ፦
ለአንድ ሁለት ፋሻ፣ በእርሳስ መስመር የሚቆረጥ ከሆነ ይሠራል። ለብዙ ፋሻ ግን አልመክርም። ድንጋዩን ስታዞረው ሪጋውን የሚነካው ሌላኛው ጎን ይሆናል፤ ሪጋው እንደገና ተለክቶ መታሰር አለበት። ግማሽ ሚሊ ከሳትክ ሁለቱ ቆረጣዎች የሚገናኙበት ላይ ደረጃ ይወጣል፤ ወለል ላይ ሲተኛ ብርሃን በጎን ሲመታው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ድንጋይ መራጭ፦
ብዛቱን ላስላልህ። ዲስኩ 2 ሚሊ ይበላል ብለን እንያዝ። አንድ ፋሻ 30 ሚሊ፣ ሲደመር 2፣ 32 ሚሊ ይሆናል። 300 ለ32 ሲካፈል 9 ይወጣል፤ 10 አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ለ22 ሜትር 37 ፋሻ ያስፈልጋል፣ ከአምስት ማርብል 45 ይወጣል። 8ቱ ለስብራትና ለማዕዘን ነው።

ከመቁረጥህ በፊት እያንዳንዱን ማርብል በውሃ አርሰህ ፀሐይ ላይ አቁመው። ፊቱ ሲደርቅ ስንጥቅ ያለበት ቦታ ጠቁሮ እንደ ፀጉር መስመር ይቆያል፤ ውሃው ከውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። መስመሩ ፋሻውን በስፋቱ የሚያቋርጥ ከሆነ እዚያው ላይ ይሰበራል፤ ያንን ድንጋይ ለሌላ ሥራ ተወው። ከጀርባው መረብ የተለጠፈበት ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት አትላጠው፣ ፋሻውን አንድ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ስሚንቶ ነክ ማጣበቂያ ግን በዚያ መረብ ሙጫ ላይ በደንብ አይዝም፤ ለመረቡ ኢፖክሲ ተጠቀም።

ጠያቂ (ወለል ሥራ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። መረብ የለውም። ዲስኩ ጥርስ ያለው ነው፣ ግራናይትም ሲቆርጥ ነበር። በር ሥር ደግሞ ሦስት ፋሻ ቦታው ላይ በግራይንደር መስተካከል አለባቸው።

ማርብል ቆራጭ፦
እንግዲያው ዲስኩንም ቀይር። ለማርብል ጥርስ የሌለው፣ ዙሪያው ሙሉ የሆነ ዳይመንድ ዲስክ ነው የሚሆነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ባለፈ ቁጥር ጠርዙን ይመታዋል። ግራናይት ያደነዘዘውን ዲስክ ስትነካው እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ብሎኬት በውሃ አራት አምስት ጊዜ ብትቆርጥበት ዳይመንዱ እንደገና ብቅ ይላል።

አዲሱን ስታስር ሶኬቱን ነቅለህ እርሳስ ከዲስኩ ጠርዝ አጠገብ አስደግፈህ በእጅህ አዙረው። በእርሳሱና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋና ከጠበበ ዲስኩ ይወላገዳል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዲስኩን የሚይዙት ሁለቱ ክብ ብረቶች ላይ የደረቀ ጭቃ ነው፤ ፍቀህ አጥፋው።

ግንበኛ 75፦
ለግራይንደሩ፦ ባለ 115 ሚሊ ቀጭን ዲስክ። ፋሻውን ወፍራም ፎም ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኛው፣ መስመሩ ላይ ስኮች ለጥፍ፣ ቀጥ ያለ ብረት በሁለት ሞርሳ እሰር፤ ሞርሳውና ድንጋዩ መካከል ቁራጭ እንጨት ይግባ። መጀመሪያ 2 ሚሊ ብቻ አስምረህ ሙሉውን ሂድ፣ ከዚያ በየዙሩ 5 ሚሊ እየጨመርክ ውረድ። በአንድ ጊዜ ጥልቅ ከገባህ ዲስኩ ይነክሳል፣ ፋሻውም ሁለት ይሆናል።

ውሃ ግራይንደሩ ላይ አታፍስ። በእርጥብ ስፖንጅ ድንጋዩን ብቻ አርጥብ፣ የመብራት መስመሩም ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያጠፋ ብሬከር ይኑረው። የአቧራ ማስክ አድርግ፤ በተለይ ግራናይት ሲሆን አቧራው ሳንባ ላይ ይቀራል።

ተቆርጦ ያለቀውን ጠርዝ በ200 ቁጥር የዳይመንድ ማለስለሻ 1 ሚሊ ያህል በሰያፍ ስበረው፣ ከዚያ 400፣ 800፣ 1500 እያልክ አለስልስ። ጭቃው ሳይደርቅ በንጹሕ ውሃ እጠበው። አሲድ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ እንዳይነካው፤ ማርብልን ይበላዋል፣ የወጣለትን ፊት ያደበዝዘዋል። ማጣበቂያውም ነጭ ይሁን፤ ግራጫው ከሥር ገብቶ ነጩን ማርብል ያጠቁረዋል።