ለጠፋች ድመት የወጣ ሰፈር ለተደፈነ ቦይ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦
ባለፈው ወር በሰፈራችን ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ውስጥ አጋጠሙ፤ እስካሁን ለየብቻ ላስባቸው አልቻልኩም። መጀመሪያ የአንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ድመት ጠፋችና መንደሩ በሙሉ ለፍለጋ ወጣ። ልጆች በየአጥሩ ሥር ተንበርክከው በስሟ ሲጠሯት አመሹ፤ ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ደግሞ አንዱ መሰላሉን ደግፎ ሌላው ጣሪያ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። ድመቷ በማግስቱ ከአንድ ዕቃ ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ተጠቅልላ እንደተኛች ተገኘች።

ከሦስት ቀን በኋላ ስለተደፈነው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለመነጋገር ስብሰባ ተጠራ። ስልሳ ያህል ቤት ባለበት ሰፈር የተገኘነው ሰባት ብቻ ነበርን። ባለፈው ከባድ ዝናብ ውሃው ከታች በኩል ያሉትን ቤቶች ጥሶ ገብቶ ነበር፤ የጭቃው መስመር ዛሬም ግድግዳቸው ላይ ይታያል። ያው ሰው ለአንዱ ተነሥቶ ለሌላው የሚቀረው ለምንድን ነው? መፍትሔ ያገኛችሁ ካላችሁ ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ጎረቤቶችዎ ደንታ ቢስ ናቸው ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በየክፍላቸው ሆነው በድምፅ ማስተላለፊያ የሚነጋገሩ ተሳታፊዎች አንዱ በድንገት ሕመም ሲነሣበት እንዲሰሙ ተደርጎ ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለእርዳታ ሲነሡ፣ ሌሎች አራት ሰዎችም ሰምተዋል ብለው ካሰቡት የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ድመቷ ስም ነበራት፣ የተጨነቀችላት ባለቤትም ነበረቻት፤ ቦዩ ግን የሁሉም ስለሆነ የማንም አልሆነም። ስለዚህ «ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይልቅ በር አንኳኩተው፣ እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው፣ ቅዳሜ ጠዋት አካፋውን ይዞ እንዲመጣ ይጠይቁት።

መልስ 2፦
የቀደሙት መላሽ ያሉት እውነት ነው፤ ሆኖም ቦዩ ቁልቁል እንደሚፈስ የዘነጉ ይመስለኛል። ከላይ ያሉት ቤቶች ቦዩ ቢደፈንም አይጎዱም፤ ታዲያ ስለምን ይመጣሉ? እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም በኔፓል የመስኖ ቦዮችን ሲያጠኑ፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ቦዮች በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚተዳደሩት ይልቅ ለታችኛው ማሳ ውሃ በማድረስ በአብዛኛው የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከላይ ያሉት ገበሬዎች በየጊዜው የሚፈርሰውን የውሃ መጥለፊያ ለመጠገን የታችኞቹ ጉልበት ያስፈልጋቸው ስለነበር ውሃውን ሊነፍጓቸው አልቻሉም ይላሉ። መጥለፊያው በሲሚንቶ ሲሠራ ግን ያ መፈላለግ ቀረ። እንግዲህ በእናንተ ሰፈር ከላይ ያሉት ከታችኞቹ የሚፈልጉት ምን እንዳለ ይመርምሩ፤ ምናልባት የመንገድ መብራት፣ ምናልባት የልጆች መጫወቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ስብሰባ ቢቀርቡ ሁለቱም ወገን የሚመጣበት ምክንያት ይኖረዋል።

መልስ 3፦
እኔ ስለ ሥራው ብቻ ልጨምር። ቁፋሮውን ከታችኛው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከላይ ከጀመራችሁ የለቀቃችሁት ውሃና ደለል ከታች ተጠራቅሞ ያንኑ ቤት ያጥለቀልቃል። በይበልጥ የሚደፈነው ተዳፋቱ የሚቀንስበት ቦታ ነው፤ ውሃው እዚያ ሲዘገይ የተሸከመውን አሸዋ ይጥላል። ያወጣችሁትን ጭቃ ደግሞ ቦዩ ዳር አትከምሩት፤ የሚቀጥለው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ መሰላል ተጋግዘው የያዙት ሁለቱ ጎረቤቶቼ አንዱ ከቦዩ ላይኛው ጫፍ፣ ሌላው ከታችኛው ጫፍ የሚኖሩ መሆናቸውን ነው። ዛሬ ማታ በመጀመሪያ የእነርሱን በር አንኳኳለሁ።