«ጠፈር ይሁን» ሲል ጣራ ነው ወይስ ሕዋ?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ሰባኪ ዘፍጥረት 1፥6ን አንሥቶ፣ «ጠፈር ይሁን» የሚለው ቃል ሮኬት ሳይታሰብ ስለ ሕዋ የተነገረ ነው ሲል ሰማሁ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን እስከ ዳር ሳነበው ግራ ገባኝ። ጠፈሩ የታዘዘው «በውኃና በውኃ መካከልም ይክፈል» ተብሎ ነው። ጠፈርተኛ የሚንሳፈፍበት ባዶ ስፍራ ውሃን ከውሃ የሚለየው በምን አቅሙ ነው? ቃሉ ጥንት ምን ነበር?

የአብነት ልጅ፦
መልሱን ራስህ ጨርሰኸዋል። በግዕዝ ጠፈር ጣራ ነው። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል፤ ከሥጋ ወደሙ በፊት በሚደርሰው ጸሎት ውስጥ «ታሕተ ጠፈረ ቤትየ» የሚል ሐረግ አለ። ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም ማለት ነው፤ መሠረቱም የመቶ አለቃው ቃል፣ ማቴዎስ 8፥8 ነው። እዚያ ላይ «ከቤቴ ሕዋ በታች» ብሎ የሚተረጉም ቢነሣ ደብተራው በመቋሚያ ያባርረው ነበር።

ጣራ ብላችሁ ካነበባችሁት የቀረው ታሪክ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ወፎቹ ከጠፈሩ በታች ይበርራሉ። ፀሐይና ጨረቃ በአራተኛው ቀን በዚያው ላይ ይደረጋሉ። የጥፋት ውሃ ሲመጣ ደግሞ «የሰማይም መስኮቶች ተከፈቱ» ይላል (7፥11)፤ ከላይ የተከማቸ ውሃ ባይኖር መስኮት መክፈት ምን ያደርጋል? ለዚያ ውሃ ሊቃውንቱ ስም አውጥተውለታል፤ ሐኖስ ይባላል። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ከሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ስምንቱን እሑድ ስትወስድ ለሰኞ የደረሳት ጠፈር ብቻ ነው። እርሱም ከውሃ ረግቶ የጸና ነው ይላሉ።

የሐይፋው፦
ጋሼ፣ ዕብራይስጡን ልጨምርበት። «ራቂዓ» ይላል። ግሡ «ራቃዕ» ሲሆን ቀጥቅጦ ማሳሳት ነው። በዘጸአት 39፥3 ለኤፉዱ፣ ለሊቀ ካህናቱ ልብስ፣ የሚሆነውን ወርቅ ቀጥቅጠው ስስ ያደረጉት ጠቢባን ሥራቸው የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። ኢዮብ 37፥18 ላይም ሰማያት እንደ ቀለጠ መስተዋት ብርቱ ሆነው ሲዘረጉ ግሡ እርሱ ነው። የጥንቱ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው በአንጥረኛ መዶሻ ሥር የተዘረጋ ነገር ነበር ማለት ነው። ሰባው ሊቃናት ወደ ግሪክ ሲመልሱት «ስቴሬዎማ» አሉት፤ ጽኑዕ ነገር። ላቲኑም «ፊርማሜንቱም» ብሎ በዚያው ሄደ።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። በፈረንሳይ አገር የኖረው ራሺ (1040–1105 እ.ኤ.አ.)፣ አይሁድ ኦሪትን ሲያነቡ ከእጃቸው የማይለዩት ተርጓሚ፣ ሰማያት በመጀመሪያው ቀን ቢፈጠሩም ገና ርጥብ ነበሩ፤ በሁለተኛው ቀን ረጉ ይላል። የአብነት ልጅ ከጻፉት ጋር አስተያዩት። ረቢውና መሪጌታው ተገናኝተው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ስለ አንድ ጣራ ያወራሉ።

ደረቅ አንባቢ፦
አትቸኩሉ። ኢሳይያስ 40፥22 ሰማያትን እንደ መጋረጃ፣ እንደ ድንኳን የተዘረጉ ያደርጋቸዋል። ብረት ነው ወይስ ጨርቅ? ደግሞም ዘፍጥረት ራሱ ጠፈርን «ሰማይ ብሎ ጠራው» ይላል። ሰማይ ካልን ዛሬ የምናየው ሁሉ እዚያ ውስጥ አይገባምን? ሰባኪው ያን ያህል የሚወገዝ አይመስለኝም።

የአብነት ልጅ፦
ማንም አላወገዘውም፤ ቃሉን ነው የመረመርነው። ኢሳይያስ ነቢይ ነው፣ በቅኔ ይናገራል፤ ድንኳኑም ቢሆን ከራስ በላይ የሚዘረጋ ነገር ነው እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። የተምታታው ሌላ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ጋጋሪን ከምድር የወጣው በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችን የምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የ1954ቱ ነው። ተርጓሚዎቹ ጠፈርን ከግዕዙ እንዳለ ወርሰው አኖሩት። ከዚያ በኋላ ጋዜጣና ሬዲዮ ያንኑ ቃል ለጠፈርተኛና ለጠፈር መንኮራኩር ወሰዱት፤ «ሕዋ» የሚሉም አሉ። ዛሬ የሚያድግ ልጅ ጠፈርን መጀመሪያ የሚያውቀው ከቴሌቪዥን ነው፤ ኋላ ዘፍጥረትን ሲከፍት በቴሌቪዥኑ ፍቺ ያነበዋል። ሰባኪው ያገኘው ትንቢት ከዚህ የመጣ ነው ባይ ነኝ።

የሐይፋው፦
የደረቅ አንባቢ ጥያቄ ግን ሌላ በር ይከፍታል። ውሃው ከላይ አለ ሲባል እውነተኛ ውሃ ነው ወይስ ምሳሌ? ይህ የዛሬ ክርክር አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ኦሪገን ውሆቹ መንፈሳውያን ኃይላት ናቸው ብሎ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው ጳጳስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ሲሰብክ ይህን ፍቺ ነቅፎ፣ ውሃን ውሃ ብለን እንረዳው አለ። ራሺ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቁጥር ላይ፣ መጽሐፉ የመጣው የፍጥረትን ቅደም ተከተል ሊያስተምር አይደለም ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ጠፈሩ ረጋ ሲል በምን መንፈስ እንዳለው ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ደረቅ አንባቢ፦
ባስልዮስ ላይ እስማማለሁ። ራሺን ግን እንዲህ በቀላሉ ለሁለቱም ወገን አታድርገው፤ ያን ያለው የመጀመሪያውን ቃል ሰዋስው ሲፈታ ነው፣ የውሃው መፈጠር ሳይነገር ውሃው በሁለተኛው ቁጥር መገኘቱን አይቶ።

የሐይፋው፦
ልክ ነው፤ ምክንያቱ ያ ነው። ሌላ ጊዜ «በመጀመሪያ» የሚለውን ለብቻው እናንሣው።

ቃል ለቃሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለሰባኪው ምን ልበለው?

የአብነት ልጅ፦
ከጉባኤው በኋላ ለብቻው፣ በትሕትና ጠይቀው። ጠፈሩ ሕዋ ከሆነ ሐኖስ የት እንደ ደረሰ ይንገርህ።