ከሰኞ እስከ ዓርብ በበተን ስልክ ብቻ መዋል፦ ቴሌብሩ፣ ባንኩና ቴሌግራሙ እንዴት ይሁን?

የቀበናዋ፦

ሰላም ቤተሰብ። ታች ስልኬን (ስማርት ስልኬን) ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት አስቀምጬ በበተን ስልክ ብቻ ልውል ነው። ሥራ ቦታዬ አምባሳደር አካባቢ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይም፣ ምሳ ላይም፣ ሰው ፊት ለፊቴ እያወራኝም እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ማቆም የምፈልገው ይህንን ነው። የምጠይቃችሁ፦ ቴሌብርና ንግድ ባንክ ያለ አፕ በደንብ ይሠራሉ ወይ? የመሥሪያ ቤታችን ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ነው፣ እሱን ምን ላድርገው? እናቴ መልእክት የምትጽፈው በአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፣ በተን ስልክ ያሳየዋል? ስገዛስ ምን ልይ? "ራስሽን ግዢ" የሚል ምክር ሞልቷል፤ እናንተ አሠራሩን ንገሩኝ፣ አደራ።

ጠጋኝ ፒያሳ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የሲሙን ነገር እንጨርስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሲም ያወጣና በተን ስልኩ ውስጥ ይከታል፤ ዋናው ቁጥር ቤት ይቀራል። የባንክ መልእክቱም፣ የማረጋገጫ ኮዱም፣ የዘመድ ጥሪውም አብሮት ይቀራል። እንዲህ ከሆነ ሳምንቱ ሳያልቅ ታች ስልኩ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አንቺ ገልብጪው፦ ባንክና ቴሌብር የተመዘገቡበት ዋናው ሲም በተን ስልኩ ውስጥ ይግባ። ታች ስልኩን የቤት ዋይፋይ ወይም ሌላ የኢንተርኔት ሲም ይበቃዋል። አንዴ የተከፈተ ቴሌግራም ሲሙ ስለወጣ አይዘጋም። ከማውጣትሽ በፊት ግን ቴሌግራሙ ላይ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አስገቢ፣ የማስመለሻ ኢሜይልም ጨምሪበት።

የታች ስልክ ሲም ትንሿ ናኖ ናት፤ የበተን ስልክ ማስገቢያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለትልቁ ወይም ለመካከለኛው መጠን የተሠራ ነው። ስለዚህ አዳፕተር ያስፈልግሻል። ሲሟ ከአዳፕተሩ ጋር እኩል ትቀመጥ፣ ከጀርባዋም በቀጭን ፕላስተር ትያዝ። ባዶውን አዳፕተር ግን ለሙከራ እንኳ አታስገቢ። ስትስቢው ክፍት ቦታው የማስገቢያውን ጥርሶች ይዞ ይነቅላል፤ ጥርሱ ከተነቀለ ማስገቢያው ተነቅሎ በአዲስ መበየድ አለበት።

ስም ዝርዝሩን ወደ ሲም ስትገለብጪ ሦስት ነገር እወቂ። ሲሙ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 250 ያህል ስም ነው። ለአንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛውን ቁጥር "አበበ 2" ብለሽ ለብቻው መዝግቢ። ስሙ በአማርኛ ፊደል ከሆነ ደግሞ በብዙ ሲሞች ላይ ከ6 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ "የአክስቴ ልጅ ሰላማዊት" ብለሽ የመዘገብሽው "የአክስቴ" ሆኖ ስታገኚው ሲሙ ተበላሸ እንዳትይ። የግድ የሚያስፈልጉ 20 ቁጥሮችን በወረቀት ጽፈሽም ያዢ።

ስትገዢ ሻጩ ፊት ሲምሽን አስገቢና ሞክሪው። ከሌላ ስልክ "ሰላም" የሚል መልእክት በአማርኛ አስልኪ፤ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ካሳየ ያ ስልክ የእናትሽን መልእክት አያነብም። ማንበብ ብቻም አይበቃም፤ መጻፊያው ውስጥ አማርኛ መኖሩን እይ። *804# ደውለሽ ቀሪ ሒሳብ ያምጣ። *#06# ስትይ የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። ባለሁለት ሲም ከሆነ በአንዱ እያወራሽ ሳለ ሌላው እንደማይጠራ አስቢበት፤ ውስጡ ያለው ሬዲዮ አንድ ነው።

ሒሳብ ክፍል፦

ስለ ገንዘቡ እኔ ልጨምር። ቴሌብር በ*127#፣ የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ በ*889# ይከፈታል፤ ኢንተርኔት አይፈልጉም። የባንኩን አገልግሎት ቅርንጫፍ ሄደሽ ያስመዘገብሽው መሆን አለበት። ቋንቋ ስትመርጪ አማርኛው ብዙ ገጽ ይሆንብሻል፤ አንድ የሜኑ ገጽ በአማርኛ ፊደል ሲሆን የሚይዘው በላቲን ከሚይዘው በግማሽ ያነሰ ነው። አትደናገጪ፣ ቀጣይ የሚለውን ቁጥር እየመለስሽ ሂጂ። ግን አትዘግዪ፤ ሜኑው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚጠብቅሽ። የተቀባዩን ቁጥርና መጠኑን አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ጀምሪ።

ከምንም በላይ መጠንቀቅ ያለብሽ መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው። ሚስጥር ቁጥሩን አስገብተሽ ከላክሽ በኋላ ስክሪኑ "ስህተት" ብሎ ቢዘጋ ገንዘቡ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የተቋረጠው የአንቺና የሲስተሙ ንግግር ነው፣ ክፍያው በራሱ መንገድ ሊያልቅ ይችላል። ወዲያው ደግመሽ አትላኪ። ከ127 መልእክት መጣ አልመጣ ጠብቂ፣ ካልመጣ ቀሪ ሒሳብሽን እይ፣ ካልቀነሰ ብቻ ድገሚ። ሁለት ጊዜ የተከፈለ የቤት ኪራይ ማስመለስ የቀናት ምልልስ አለው።

ኪውአር ማንሳት አትችዪም። ብዙ ሱቅ የሚለጥፈው ወረቀት ላይ ከሥዕሉ አጠገብ የነጋዴው ቁጥር ተጽፏል፤ ክፍያ የሚለውን መርጠሽ እሱን አስገቢ፣ የሱቁ ስም ሲመጣ አንብበሽ አረጋግጪ።

"ስክሪንሹት ላኪልኝ" የሚል አከራይ ወይም ትምህርት ቤት አይጠፋም። የደረሰሽን መልእክት አስተላልፊ (ፎርዋርድ)፤ ውስጡ የግብይቱ ቁጥርና ደረሰኙን የሚከፍት ሊንክ አለ፣ ይህ ከስክሪንሹት የተሻለ ማስረጃ ነው። ታዲያ ከማስተላለፍሽ በፊት ቀሪ ሒሳብሽን የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር አጥፊው፤ ሰው ሳያስተውል ኪሱን ለአከራዩ የሚያሳየው በዚህ ነው። አንቺም ተቀባይ ስትሆኚ ከማንኛውም ተራ ቁጥር የመጣ "ገንዘብ ገብቶልሻል" የሚል መልእክት አትመኚ፤ ቀሪ ሒሳብሽን በራስሽ እጅ እዪ።

ቀይ እርሳስ፦

ስለ አማርኛ መልእክት፦ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ፣ በእኛ ፊደል 70 ሆሄ ማለት ነው፤ የላቲኑ ሆሄ 7 ቢት ሲበቃው የእኛው 16 ቢት ይወስዳል። ክፍት ቦታና አራት ነጥብም ይቆጠራሉ። ከ70 ሲያልፍ መልእክቱ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መገጣጠሚያ ምልክት ስለሚይዝ 67 ሆሄ ብቻ ይቀረዋል። 150 ሆሄ የጻፈ ሰው 3 መልእክት ልኳል፣ ሒሳቡም የ3 ነው። በላቲን እየጻፉ አንድ የአማርኛ ፊደል ወይም አንድ የሳቅ ሥዕል ቢጨምሩ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል።

ይህ ግን ከአማርኛ ፊደል መሸሻ ምክንያት አይሁን። "እንገናኝ" በፊደላችን 5 ሆሄ ነው፣ በላቲን ሲጻፍ 9 ያህል ይሆናል። 70 ሆሄ ለአንድ ጉዳይ በቂ ነው። ለምሳሌ "ሜክሲኮ ነኝ። 11 ሰዓት ለገሃር እንገናኝ። ካልቻልሽ ደውዪ።" 38 ሆሄ ብቻ ናት፤ የት እንዳለሁ፣ መቼና የት እንደምንገናኝ፣ ሳይሆን ሲቀርም ምን እንደሚደረግ ሁሉም አለበት። ቴሌግራም ያስለመደን "ሰላም" ብሎ ልኮ መልስ መጠበቅን ነው። "ሰላም"፣ "አለሽ?"፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" እያለ ሦስቴ ስልክ የሚያስነሳ ሰው ጉዳዩን በአንድ ቢጽፈው ሌላውም ስልኩን አንዴ ብቻ ያነሳ ነበር። ሱሱ የስልኩ ብቻ አይደለም፤ የአጻጻፋችንም ነው።

ሰዓት አክባሪ፦

የቴሌግራሙን ግሩፕ ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ አንብቢው፣ ረፋድ 4 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ። መግቢያ ኮዱ የሚመጣው ታች ስልኩ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ስለሆነ ኮምፒውተሩን የምታገናኚበት ቀን ስልኩን ይዘሽ ነይ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ ማታ ከቴሌግራሙ ውጪ (ሎግ አውት)፤ ስልኩ ላይ "ዲቫይስስ" የሚለው ውስጥ የቀረ ካለ ዝጊው። ግሩፑ ላይም አንድ መስመር ጻፊ፦ "አስቸኳይ ከሆነ ደውሉልኝ።"

ቅዳሜ ታች ስልኩን ስታነሺ የሳምንቱ ጩኸት እንዳይጠብቅሽ ኖቲፊኬሽን ውስጥ የግሩፕና የቻናል ድምፅን ዝጊ፤ የግል መልእክቱን ብቻ ተዪው። ዘግተሽም ስምሽን ጠርቶ የጻፈ ሰው፣ ወይም ለጽሑፍሽ የመለሰ ድምፅ ያሰማል፤ ቅንብሩ አልሠራም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። "አትረብሹኝ" የሚለውን ለምታበሩ ደግሞ፦ አንድሮይድ ላይ ተደጋጋሚ ጥሪን ከፈቀዳችሁ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ይጮኻል። የታመመ ወላጅ ያለው ሰው ስልኩን ከእጁ የማያወጣው በዚህ ስጋት ነውና ይህቺን ቅንብር ለወንድም እህቶቻችሁ ንገሩ፤ "ካላነሳሁ ወዲያው ድገሙት" በሏቸው።

ቀጠሮ ላይ ሎኬሽን መላክ ስለሌለ ቦታውን ምረጪ። ከ2016 ወዲህ ፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤት ስለፈረሰ በድሮ ካፌና ሱቅ ስም አትቀጣጠሩ፤ የሚኒሊክ ሐውልት፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፣ አራት ኪሎ የድል ሐውልት፣ ለገሃር አንበሳው ጋ በሉ። የትኛው ጎን እንደሆነም ጨምሩ፦ "አንበሳው ጋ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል።" ከዚያ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልመጣ መደወል። "የት ደረስሽ?" የሚለው በየአምስት ደቂቃው መደወል የሚመጣው ይህ ስለማይነገር ነው። ራይድ በ8294 ተደውሎ ይጠራል፤ ሾፌሩ መልሶ ስለሚደውል እቆምበታለሁ ያልሽውን ቦታ አትቀይሪ።

የቀበናዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጻፍኩት። አንድ የቀረኝ፦ በተን ስልክ መልእክት "ይሞላል" ይባላል። ሲሞላ የባንኩ ኮድ ይጠፋል?

ጠጋኝ ፒያሳ፦

አይጠፋም፣ ግን ይዘገያል። ቦታ ሲጠፋ መልእክቱ ኔትወርኩ ጋ ተቀምጦ ይቆያል፣ ቦታ ስታስለቅቂ ይገባል። ኮዱ ግን የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሲደርስሽ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ አዲስ ጠይቂ። የፖስታ ምልክቷ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ሞልቷል ማለት ነው። ቅንብሩ ውስጥ ማስቀመጫውን ከሲም ወደ ስልክ ቀይሪ፤ ሲም የሚይዘው ጥቂት አሥር መልእክት ብቻ ነው። ቀይ እርሳስ ያለው ከዚህ ጋር ይገናኛል፦ 3 ቁራጭ የሆነ የአማርኛ መልእክት ብዙ ስልክ ላይ የ3 ቦታ ይይዛል። ዓርብ ዓርብ ማስታወቂያውን ሁሉ አጥፊ፣ የክፍያ ደረሰኞቹን ግን የግብይት ቁጥራቸውን ደብተር ላይ ሳትገለብጪ አትንኪያቸው።