ለእናቴ የተፈቀደው የአይ ኤች ኤስ ኤስ ሰዓት በጣም አነሰ፤ አፒል ልጠይቅ ወይስ ልተወው?

የሳን ሆዜዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለነው ካሊፎርኒያ ነው፤ አይ ኤች ኤስ ኤስ የምለው አዛውንትን ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ሰው በሰዓት የሚከፍለውን የመንግሥት ፕሮግራም ነው። እናቴ 79 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ የምወጋት እኔ ነኝ። ጉልበቷን ያማታል፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ትረሳለች። ቤት ውስጥ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ሦስት ነን። ሶሻል ወርከሯ መጥታ አይታት ሄደች፤ ደብዳቤው ሲመጣ በወር 52 ሰዓት ይላል። ምግብ ማብሰል በሳምንት 2:20 ነው። ኢንሱሊኑ ጭራሽ አልተጻፈም። ደብዳቤው ከደረሰን ሦስት ሳምንት ሆነው። ይግባኝ ካልኩ ያለውንም ይነሱኝ ይሆን?

ፋይል አገላባጭ
እህቴ፣ ጊዜ አለሽ። አፒል የሚጠየቀው ደብዳቤው በወጣ በ90 ቀን ውስጥ ነው፤ መጠየቂያው ደብዳቤው ጀርባ ላይ አለ፣ በስልክም ይሆናል። አፒል ስለጠየቅሽ ብቻ 52ቱ አይቆምም። (ኖሮ የሚቀነስ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ካመለከትሽ እስኪወሰን ድረስ የቀድሞው ሰዓት ይቀጥላል። ይህን ለሚቀጥለው ዓመት ያዥው፣ ግምገማው በየ12 ወሩ ስለሚመጣ።)

መጀመሪያ ግን ካውንቲውን ኤስ ኦ ሲ 293 የሚባለውን የግምገማ ፎርም ኮፒ ጠይቂ። ሶሻል ወርከሯ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ1 እስከ 5 የሰጠችው ደረጃ ያለው እዚያ ላይ ነው። 1 ማለት ራሳቸው ይችላሉ፣ 2 ማለት መናገርና ማስታወስ ብቻ ይበቃቸዋል፣ 3 የተወሰነ የእጅ እርዳታ፣ 4 ብዙ እርዳታ፣ 5 ደግሞ ያለ ሰው ፈጽሞ አይችሉም። ሰዓቱ የሚወጣው ከደረጃው ነው። ለምሳሌ ገላ መታጠብ፣ አፍ ማጽዳትና ፀጉር መሥራት አንድ ላይ ተይዞ በደረጃ 2 በሳምንት ከ0.50 እስከ 1.92 ነው፤ በደረጃ 3 ከ1.27 እስከ 3.15፤ በደረጃ 4 ከ2.35 እስከ 4.08። ቁጥሮቹ በአስርዮሽ ናቸው፣ 1.27 ማለት 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ነው። ደብዳቤው ግን በሰዓትና በደቂቃ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል።

የምግቡ 2:20 ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። የምግብ ማብሰያ ጣሪያው በሳምንት 7 ሰዓት ነው፤ ለሦስት ሲካፈል 2:20። ሦስታችሁም ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት ብላ ጽፋለች ማለት ነው። እውነቱ እንደዚያ ከሆነ ክፍፍሉ ትክክል ነው። ለእሳቸው ግን በስኳሩ ምክንያት ለብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሰዓቱም ሌላ ከሆነ፣ መካፈል የለበትም። ሽሮው አንድ ሆኖ የእሳቸው ሳህን ብቻ ሲለይ አይቆጠርም፤ ድስቱ ራሱ መለየት አለበት። የሳምንቱን ቁርስ፣ ምሳና እራት ጽፈሽ ያዢ፤ ሐኪማቸው የአመጋገብ ትእዛዝ በአንድ መስመር ከጻፈልሽ ይበቃል።

ቤት ጽዳት ላይ ጊዜሽን አታባክኚ። ለመላው ቤት በወር 6 ሰዓት ነው፣ ለሦስት ሲካፈል 2 ይሆናል፤ አይነቃነቅም።

ሲስተር 12
ኢንሱሊኑ ያልተጻፈው ሶሻል ወርከሯ ስለረሳችው ላይሆን ይችላል። መርፌ መውጋትና ስኳር መለካት በተራው ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ፓራሜዲካል የሚባለው፣ ማለትም በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራው የሕክምና ነክ እርዳታ ነው። እሱ ደግሞ ኤስ ኦ ሲ 321 የሚባል ፎርም ላይ ሐኪም ካልፈረመበት አይሰጥም። ማመልከቻው ላይ ከሞላችሁት ከ873 ጋር አታምታቺው፤ 873 ሰውየው እርዳታ እንደሚያስፈልገው ብቻ ነው የሚያረጋግጠው።

321 ላይ ሦስት ነገር ይሞላል፦ ምን ይሠራል፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ስንት ደቂቃ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው ነው። ሐኪሙ «ኢንሱሊን፣ በቀን 2 ጊዜ» ብሎ ደቂቃውን ባዶ ይተወዋል፣ ፎርሙም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ክሊኒክ ከመሄድሽ በፊት በሰዓት ለኪው፦ እጅ መታጠብ፣ ጣት ወግቶ ስኳር ማየት፣ መጠኑን መሳብ፣ መውጋት፣ መርፌውን ሳጥኑ ውስጥ መጣል፣ ደብተር ላይ መጻፍ። 10 ደቂቃ ከወሰደ በቀን 20፣ በሳምንት 140 ደቂቃ ነው፤ በወሩ 4.33 ሳምንት ሲባዛ ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ለዚህ አፒል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ፎርሙን አስፈርመሽ ለሶሻል ወርከሯ ስጪና ድጋሚ ግምገማ ጠይቂ። የ90 ቀኑ ግን እንዳያልፍብሽ፣ አፒሉን ጎን ለጎን አስገቢው።

አዛውንት ጠባቂ
ስለ መርሳቱ ማንም አላነሳም። ሰዓት ከሚቆረጥባቸው ነገሮች ዋናው የቤት ጉብኝቱ ላይ የሚሆነው ነው። እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ያውቁታል፤ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ፣ በር ድረስ ይቀበላሉ፣ «ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም» ይላሉ። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሱ። ሶሻል ወርከሯ የምትጽፈው ያየችውንና የሰማችውን ነው፦ ያለ ድጋፍ ተነስታለች፣ ቡና አፍልታለች፣ ችግር የለብኝም ብላለች። አስተርጓሚው «ይመስገን»ን ቃል በቃል «ደህና ነኝ» ብሎ ሲያስተላልፈው ደግሞ አለቀ። አስተርጓሚ ካውንቲው በነፃ ማቅረብ አለበት፤ አንቺ አታስተርጉሚ፣ አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ የራስሽን ተናገሪ። ጥያቄውም «ይችላሉ ወይ?» ሳይሆን «ትናንት ማን አጠበሽ? የልብስሽን ቁልፍ ማን ቆለፈልሽ? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሳሽ?» ሲሆን መልሱ ይወጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። መርሳቱ ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ፣ ማለትም ምድጃ ለኩሰው የሚሄዱ፣ በር ከፍተው የሚወጡ፣ መድኃኒት ሁለቴ የሚውጡ ከሆነ፣ የጥበቃ ክትትል የሚባል አለ። ሲፈቀድ ጠቅላላውን እስከ 195፣ ጉዳቱ ከባድ ለሆነ ሰው እስከ 283 ሰዓት ያደርሰዋል፤ ለማንም ሰው የወሩ ጣሪያ 283 ነው። ሐኪሙ ኤስ ኦ ሲ 821 ላይ ስለ ማስታወስ፣ ቦታና ጊዜ ስለ ማወቅ፣ ስለ ማመዛዘን ይሞላል። የሚሰጠው በአእምሮ ምክንያት ራሱን መጠበቅ ለማይችልና 24 ሰዓት ሰው ለሚያስፈልገው ነው። ይወድቁ ይሆናል፣ ስኳሩ ይወርድ ይሆናል በሚል ስጋት ብቻ አይሰጥም፤ ብዙው ማመልከቻ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ለሁለት ሳምንት ቀንና ሰዓት እየጻፍሽ መዝግቢ፦ «ማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴ ልሄድ ብላ በር ስትከፍት ተገኘች»። እንዲህ ያለው መስመር «በጣም ትረሳለች» ከሚል ገጽ ይበልጣል። ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ አትርሺ፤ የሌሊቱ 9 ሰዓት 3 ኤ ኤም ነው፣ አለበለዚያ ቀን ላይ የሆነ ይመስላቸዋል።

የሳን ሆዜዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋዙን ሁለት ጊዜ ከፍታ ትታው አግኝተናታል፣ 821ንም እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌላም አዛውንት በሳምንት 25 ሰዓት እይዛለሁ። የእናቴ ሰዓት ቢጨምር ይከለክሉኛል?

ፋይል አገላባጭ
አይከለክሉሽም፣ ግን ሳምንቱን ቁጠሪ። የወሩ ሰዓት ለ4 ተካፍሎ የሳምንቱ ጣሪያ ይሆናል፤ ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው። ከአንድ ሰው በላይ ለሚይዝ ሁለቱ ተደምሮ በሳምንት 66 ሰዓት ነው፣ ከ40 በላይ ያለው አንድ ተኩል ይከፈላል። 25 ከያዝሽ ለእናትሽ 41 ይቀርሻል ማለት ነው፤ ለእሳቸው 195 ቢፈቀድ በሳምንት 48:45 ስለሆነ ለትርፉ ባለቤትሽ ፕሮቫይደር (ተከፋይ ተንከባካቢ) ሆኖ ቢመዘገብ ይሻላል። ማለፍ አያዋጣም፦ ሦስተኛው ጥፋት ሦስት ወር፣ አራተኛው አንድ ዓመት ያግዳል።

አብረሽያቸው ስለምትኖሪ ኤስ ኦ ሲ 2298 የሚባለውን ፎርም ሙይ፤ ከእናትሽ የምታገኚው ደመወዝ ከፌዴራልና ከስቴት የገቢ ግብር ነፃ ይሆናል። የሌላው አዛውንት ክፍያ በዚህ አይሸፈንም።

ስለ አፒሉ የመጨረሻ ነገር። ከችሎቱ በፊት ከካውንቲው ደውለው «ድጋሚ እንገመግማለን፣ አፒሉን አንሺ» ይሉሻል። መጥፎ አይደለም፣ ግን የትኞቹ ሥራዎች እንደሚታዩና የሚጨምረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ በጽሑፍ ሳይሰጡሽ አትፈርሚ። የካውንቲው የመልስ ጽሑፍ ከችሎቱ ሁለት የሥራ ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ ካልመጣ ደውለሽ ጠይቂ።

አዛውንት ጠባቂ
እናትሽ አገር ቤት ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ ለሶሻል ወርከሯ አስቀድመሽ ንገሪ። ከአሜሪካ ውጭ ላሉበት ጊዜ ታይምሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) አይሞላም። ሆስፒታል ተኝተው ላሉበት ቀንም እንደዚሁ፤ የገቡበትና የወጡበት ቀን ላይ ቤት የሠራሽው ብቻ ነው የሚገባው።