አነስተኛ በጀት ያላቸው ኮሜዲ ፊልሞች ሃያስያንን ለምን ይከፋፍላሉ?

ጥያቄ

በጥቂት ሰዎችና በአነስተኛ በጀት፣ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ የተሠራ አንድ ኮሜዲ ፊልም በቅርቡ አይቼ ከልቤ ስቄያለሁ። የተጻፉለትን ሂሶች ሳነብ ግን ስለ አንድ ፊልም የሚናገሩ አልመሰሉኝም፤ አንዱ ሃያሲ ብርሃኑና ድምፁ ያልተስተካከለ የጀማሪ ሥራ ሲለው፣ ሌላው ያንኑ አለመስተካከል የነፃነቱ ምልክት አድርጎ ያወድሰዋል። ይበልጥ የሚከነክነኝ ደግሞ ሐዘንን የሚተርክ ድራማ በሚንቀጠቀጥ የእጅ ካሜራ ሲቀረጽ እውነተኛነቱ የሚደነቅለት ሲሆን፣ ኮሜዲ እንዲሁ ሲቀረጽ ግን በእንዝህላልነት መወቀሱ ነው። ሃያስያን ለሳቅ የሚሰጡት ክብር ዝቅተኛ ስለሆነ ነው ወይስ እኔ ያልተረዳሁት ሌላ ምክንያት አለ?

መልስ 1

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገሩ ግን በንቀት ብቻ የሚገለጽ አይመስለኝም። በፊልም አርትዖት ሥራ ላይ ስላለሁ ከዚያ በኩል ላስረዳ። ቀልድ የሚያስቀው በጊዜው ሲነገር ነው። አርታዒ ያን ጊዜ ለመቆጣጠር የተናጋሪውን ፊት፣ የሰሚውን ፊትና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳዩ ቀረጻዎች ያስፈልጉታል፤ በንግግሮቹ መካከል አንዲት ሰከንድ ከተረፈች ወደ ሰሚው ፊት ቆርጦ ያጠፋታል። ጊዜና ገንዘብ ያጠረው ቡድን ግን ብዙውን ጊዜ ትዕይንቱን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ቀርጾ ስለሚሄድ፣ ያቺ ሰከንድ እንዳለች ትቀራለች። በድራማ ውስጥ እንዲህ ያለው ዝምታ ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ በኮሜዲ ውስጥ ግን ቀልዱ ይቀዘቅዛል። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ የቀልዱ ማሰሪያ የሆነችው የመጨረሻዋ ቃል ካልተሰማች ከፊቷ የተነገረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም ደራሲው እጥረቱን አስቀድሞ በስክሪፕቱ ውስጥ ካሰበበት ውጤቱ ይለወጣል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኬቨን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1994 ለእይታ የበቃውን ክለርክስ የተባለ ኮሜዲ በ27,575 ዶላር ገደማ ሲሠራ፣ ተቀጥሮ ይሠራበት በነበረው ሱቅ ውስጥ መቅረጽ የሚችለው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሌሊት ነበር፤ ታሪኩ ግን በአብዛኛው ቀን የሚፈጸም ነው። ስለዚህ የሱቁ የመስኮት መዝጊያ ቁልፍ በማስቲካ ተደፍኖ አልከፈት እንዳለ አድርጎ ጻፈው፤ የውጭው ጨለማ ሳይታይ ቀረ፣ ለገጸ ባሕሪውም አንድ ተጨማሪ ብስጭት ሆነለት። በ3 ሚሊዮን የን ገደማ የተሠራው የጃፓኑ ኮሜዲ ፊልም ዋን ከት ኦቭ ዘ ዴድ (ያላያችሁት ይህን ዓረፍተ ነገር እለፉት) በመጀመሪያ 37 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ የተቀረጸ ግድፈት የበዛበት ሥራ ያሳየንና፣ ኋላ ላይ እያንዳንዱ ግድፈት እንዴት እንደተፈጠረ ሲገልጥልን ሳቁ ከዚያው ይመነጫል። ሂስ ሳነብ ሃያሲው የታሰበበትን ጉድለት ካልታሰበበት ለይቶ እንደሆነ እመለከታለሁ። “ለበጀቱ ጥሩ ነው” የሚለው አባባል ለሠሪዎቹ ውለታ ቢመስልም ስለ ሥራው የሚነግረን ነገር የለም።

መልስ 3

በመቶኛ የሚሰጠውን ውጤትም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የፊልም ሂሶችን በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው መቶኛ በጎ ሂስ የጻፉትን ሃያስያን ድርሻ እንጂ የፊልሙን ደረጃ አያመለክትም፤ ግማሾቹ እጅግ ወደውት ግማሾቹ የጠሉት ኮሜዲ 50 በመቶ ሲያገኝ፣ ሁሉም “ደህና ነው” ብለው ያለፉት ፊልም 100 ሊያገኝ ይችላል። በ400,000 ዶላር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ናፖሊዮን ዳይናማይት 46 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያስገባም፣ ኔትፍሊክስ 1 ሚሊዮን ዶላር በሸለመበት የትንበያ ውድድር ተመልካች ይወደዋል ወይስ ይጠላዋል ብሎ ለመገመት እጅግ ካስቸገሩት ፊልሞች አንዱ ነበር። በዚያ ላይ ሃያሲ እንዲህ ያለውን ፊልም ብዙ ጊዜ የሚያየው ብቻውን በኮምፒውተር ነው፤ በሞላ አዳራሽ ውስጥ ከጎናችን ያለው ሰው ሲስቅ ወደ እኛም የሚጋባውን ሳቅ አያገኘውም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ከሁሉ በላይ ያሳቀኝ ትዕይንት ካሜራው ቆሞ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሦስተኛው ከኋላቸው ቀስ ብሎ ሲወጣ የሚታይበት ነው፤ በአንድ ቀረጻ እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ መሆኑ አሁን ገባኝ። ጎዳና ላይ በተቀረጹት ንግግሮች ግን ሦስት ቦታ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለመስማት ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ፤ በዚያ ላይ ያማረረው ሃያሲ ትክክል ነበር።