«ፕሮሰሰሩን አጡዤልሃለሁ» ሲባል፦ ጦዘ፣ ከረረ፣ ረጋ

ሽምብጥ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዛሬ የማመጣው ቃል የተነሳው ከኮምፒውተር ገጣጣሚ ነው። ጥያቄውን ያጫረችው ግን እናቴ ናት።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒውተር ማዘጋጀት ነው። ቀን ሬንደር አደርጋለሁ (ንድፉን ፎቶ መሰል ምስል አደርገዋለሁ)፣ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ አዲስ ማሽን ገጣጠመልኝ። ቤት ድረስ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠው «ፕሮሰሰሩን አጡዤልሃለሁ» አለኝ። ኦቨርክሎክ አድርጌልሃለሁ፣ የኮምፒውተሩን አንጎል ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጌልሃለሁ ማለቱ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ጥጥ ትፈትል ነበር። ቀና አለችና «ምኑን ነው ያጦዝከው ልጄ? እንዳይከርብህ» አለችው።

ልጁ ፈገግ ብሎ ሄደ። እኔ ግን ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣም። «ጦዘ» እና «ከረረ» አንድ አይደሉም እንዴ? ነገሩ ጦዘ እንላለን፣ ነገሩ ከረረ እንላለን። እስከ ዛሬ አንድ ይመስሉኝ ነበር። እሷ ግን አንዱን ከሌላው ለይታ ነው የተናገረችው።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ኦቨርክሎክ ማድረግን በአማርኛ ምን እንበለው? «ከአቅም በላይ ማሠራት» ሲባል እሰማለሁ። ልክ ነው?

ዓባይ ማዶ፦
ወንድምየ፣ ከሁለተኛው ልጀምርልህ። «ከአቅም በላይ ማሠራት» ልክ አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት የፕሮሰሰሩ አቅም አይደለም። ፋብሪካው ዋስ የሚሆንለት ፍጥነት ነው።

ከአንድ ዝርግ ሲሊከን ላይ የሚቆረጡ ቺፖች እኩል አይወጡም። አንዱ ጎበዝ፣ አንዱ ደከም ያለ ይሆናል። ፋብሪካው የሚጽፈው ደከም ያለውም የሚደርስበትን ቁጥር ነው። ስለዚህ ጎበዙ ከተጻፈለት በላይ ቢሮጥ ከአቅሙ አላለፈም። ተቀምጦ የነበረውን አቅሙን ተጠቀመ እንጂ። የትኛው እንደደረሰህ የምታውቀው ደግሞ ከገዛኸው በኋላ ነው። ይህንን ፈረንጆቹ የሲሊከን ሎተሪ ይሉታል። እኔ «ዕጣ» ብለው ይሻለኛል። ሎተሪ የብዙው ሰው ባዶ የሚወጣበት ነው። የመሬት ዕጣ ሲጣል ግን ሁሉም ድርሻ አለው፤ የአንዱ ለም፣ የአንዱ ጭንጫ ይሆናል። ቺፕም እንደዚያው ነው።

አሠራሩን ለማያውቁ፦ ፍጥነቱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንዱ መነሻ ምት ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ነው። ሌላው አባዢው ነው። 100 በ57 ሲባዛ 5.7 ጊጋኸርዝ ይሆናል። አባዢውን 58 ስታደርገው ልጁ «አጦዝኩት» ያለው ያ ነው። ኢንቴል አባዢውን ክፍት የሚተወው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» ላለባቸው ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ማዘርቦርድም የ«ዜድ» መደብ መሆን አለበት።

ድሮ የሚገፋው መነሻ ምቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የ66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 ተባዝቶለት በ300 ሜጋኸርዝ ይሄድ ነበር። ሰዎች ምቱን 100 ሲያደርጉት 450 ደረሰ። እኩሌታ ጭማሪ ያለ ምንም ክፍያ! ዛሬ ከ57 ወደ 58 መውጣት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የዘንድሮዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጦዘው ነው የሚወጡት።

ባዘቶ፦
ልጄ፣ እናትህ ልክ ብለዋል። እኔም ያደግሁት ከእንዝርት ጋር ነው። አሁንም እፈትላለሁ። እኛ ቤት ቃሉ እንዲህ ነው የሚነገረው።

እንዝርት ይሾራል። ይህ ፍጥነት ነው። በሾረ ቁጥር ባዘቶው እየተሳበ ክር ይሆናል፣ ክሩም ይጦዛል። መጦዝ ነውር የለውም። ያልጦዘ ክር ስትስቡት ጥጥ ሆኖ ይለያያል። ከልኩ በላይ ስታሾሩት ግን ክሩ ይከራል። የከረረ ክር ያስታውቃል። ለቀቅ ስታደርጉት በራሱ ላይ ይጠመጠማል፣ ይቋጠራል። ሸማኔው ሲወጥረው ደግሞ ይበጠሳል። እንግዲህ ጦዘ ማለት ልኩ ላይ የደረሰ ነው። ከረረ ማለት ልኩን ያለፈ ነው። በከተማ አነጋገር ተቀላቅለዋል። እንዝርት የጨበጠች ሴት ግን አትቀላቅላቸውም።

ድርና ማግም አንድ ዓይነት አይፈተሉም። ድሩ ጠበቅ ይላል፣ ሸማኔው የሚወጥረው እሱን ነውና። ማጉ ለስለስ ይላል፣ ሸማውን የሚሞላው እሱ ነው። ፕሮሰሰርም «ክር» አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ፖሊ ግቢ፦
እውነት ነው እትየ። አንድ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ አንድ አስሊ ክፍል፣ ሁለት የሥራ ክር በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። የኤኤምዲው ራይዘን 9 9950ኤክስ 16 ኮር እና 32 ክር አለው። የድርና የማጉ ነገርም በጣም ነው የገባኝ። የኢንቴሉን ኮር አይ9-14900ኬ ውሰዱ። 24 ኮር አለው። 8ቱ ጉልበተኞች ናቸው፣ 16ቱ ቆጣቢዎች። ጌም የሚወጠረው በዋናነት በጥቂቶቹ ጉልበተኞች ላይ ነው፤ እነሱ ድር ናቸው። ሬንደር ሲመጣ ግን ቆጣቢዎቹም በብዛታቸው ይሞሉታል፤ ማግ ማለት ነው። ተማሪዎችን ከእንግዲህ በዚህ ነው የማስረዳው።

«ከረረ» ለቮልቴጅ ይሁን እላለሁ። ፍጥነቱ ጨምሮ ቺፑ አልረጋ ሲል ሰው የሚሄደው ወደ ቮልቴጅ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ዋት ከፍጥነት ጋር እኩል ያድጋል። ከቮልቴጅ ጋር ግን የሚያድገው በካሬ ነው። ፍጥነቱን 5 በመቶ፣ ቮልቴጁን 10 በመቶ ብትጨምሩ ዋቱ በ27 በመቶ ያድጋል። ለ5 በመቶ ፍጥነት 27 በመቶ ሙቀት ትከፍላላችሁ። ይህ ነው የከረረ ማለት።

ደግሞም ቺፑ ራሱ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት እንደሚታወኩ ገልጾ ነበር። ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ባለቤቶቻቸው ምንም ያልነኳቸውም ጭምር ነበሩበት። ክሩ ገና ከፋብሪካው ከሮ ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ከተማ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየሾረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በሚያዝያና በግንቦት ክፍሉ ራሱ ሲሞቅ ይብስበታል። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የ9950ኤክስ የሙቀት ወሰን 95 ነው። ፕሮሰሰሩ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ከሚፈላ ጀበና እኩል ግሏል ማለት ነው። ቆላ ወርዶ ባሕር ዳርቻ ላይ ወይም ውርጭ አገር ያለ ሰው ቪዲዮ ላይ ያሳየውን ቁጥር እንዳለ አትገልብጡ።

ዓባይ ማዶ፦
ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ለዚህ «ገታ» የሚል ያማረ ቃል አለን። ፈረሰኛ ልጓሙን ሲስብ ፈረሱን ገታ እንላለን። «ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ይገታል»። አንድም የተውሶ ቃል የለበትም፣ ሰውም ወዲያው ይገባዋል።

ደንገል፦
አንድ ተቃውሞ አለኝ። «ጦዘ» ወጣቱ ዘንድ የመጠጥና የጫት ቃል ሆኗል። «ከረረ»ም አክራሪን ያስታውሳል። ይህን ሸክም የተሸከመ ቃል ለቴክኖሎጂ ይሆናል?

ባዘቶ፦
ይሆናል። ዋጋ ጦዘ ሲባል መጠጥ ያሰበ ሰው አለ? የልብ ወለድ ጡዘት ብለን ተማሪ ስናስተምርስ የተደናገረ አለ? አጠገቡ ያለው ቃል ይፈታዋል።

ደንገል፦
ተቀብያለሁ። እንግዲያው እኔም ስለ «ረጋ» ልናገር። ገጣጣሚዎች «ስቴብል ነው» የሚሉትን «ረግቷል» ብንል ምን ይጎድላል?

እኔ የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ነኝ። ጣና ጠዋት ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበል ይመጣል። አባቴ ጠዋት የተኛ ውኃ አይቶ «ረግቷል» አይልም። «ለአሁኑ ተኝቷል» ነው የሚለው። ረጋ ለማለት የነፋሱን ሰዓት ማለፍ አለበት። ሽምብጥ፣ ያ ልጅ ማሽንህን ለ10 ደቂቃ ሲነቤንች የሚባለውን መፈተኛ ፕሮግራም አስነስቶበት ከሆነ የጠዋቱን ጣና ነው ያየው። ፕራይም95 የሚባለው ከባድ መፈተኛ ለሰዓታት ይሂድበት። ራሙ ለብቻው ይፈተን። የምትሠራበት ሬንደር ራሱ ይሞከርበት። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥም እየው። ሌሊቱን በሙሉ ጭነት ያደረ ማሽን ጠዋት ባዶውን ተቀምጦ ሰማያዊ የብልሽት ገጽ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። በተለይ ቮልቴጁ ከተነካ።

«ከረጋ ወተት ቅቤ ይወጣል» የሚለውን ብዙ ሰው ለትዕግሥት ብቻ ይጠቅሰዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የወተቱን ነገር አስባለሁ። ወተቱ ሳይረጋ ብትንጠው ድካም ብቻ ነው። ለፈጣን ገጣጣሚ ደግሞ ሌላ አለ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ትርጉሙን ለሚጠይቅ፦ ቆሞ ያልታሰረ መቀነት መፈታቱን የምታየው ሩጫው መሐል ነው። ያልረጋ ማሽንም የሚወድቀው ሬንደሩ 90 በመቶ ሲደርስ ነው።

ሽምብጥ፦
ወንድምየ፣ ልክ እንዳልከው ሆነ። ማክሰኞ ሌሊት ያስነሳሁት ሬንደር ጠዋት ሳየው ማሽኑ ጠፍቶ ተነስቷል። ሥራው የለም። መጀመሪያ መብራት ሄዶ ነው ብዬ ነበር። ዩፒኤሱን ሳየው ግን መብራት አልጠፋም።

ፕሮሰሰሩን እንዴት እንደመረጥኩም ልንገራችሁ። ገበያ ስወጣ ዓይን አዋጅ ሆኖብኝ ነበር። የረዳኝ «ማነቆ» የሚለው ቃል ነው። ዜና ላይ የልማት ማነቆ እንደሚባለው። ሥራህን የሚያንቀው የቱ ክፍል ነው? በ4ኬ ስክሪን ላይ ከባድ ጌም የሚጫወት ሰው ማነቆው ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ለእሱ ፕሮሰሰር ማጦዝ ብዙም ትርፍ የለውም። በ1080 ጥራት፣ በጣም ፈጣን ስክሪን የሚጫወት ከሆነ ግን ማነቆው ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል።

ለጌም ብቻ ቢሆን ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ እገዛ ነበር። 8 ኮር ብቻ ነው ያለው። ግን 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ አለው። እናቴ ካሽ ምንድን ነው ስትለኝ «ጓዳ ነው» አልኳት። ራሙ ደጅ ያለው ጎተራ ነው። ሽሮው ጓዳ ካለ ወጥ የምትሠራ ሴት ጎተራ ድረስ አትመላለስም። ጌም ደግሞ መመላለስ የሚያበዛ ሥራ ነው። በፊት በወጣው 5800ኤክስ3ዲ ላይ ጓዳው ኮሮቹ አናት ላይ ተደርቦ ነበር። ሙቀት ያፍን ነበር፤ አባዢውም ተቆልፎ ነው የወጣው። በ9800ኤክስ3ዲ ጓዳው ከኮሮቹ ሥር ገባ። ኮሮቹ ከማቀዝቀዣው ጋር ተቀራረቡ፣ አባዢውም ተከፈተ።

የእኔ እንጀራ ግን ሬንደር ነው። ብዙ ማግ ያስፈልገኛል። ስለዚህ 9950ኤክስን ያዝኩ። አሁን ጥያቄዬ፦ ይህን የከረረውን ምን ላድርገው?

ባዘቶ፦
ክር ሲከር እንዝርቱን ወደ ኋላ መለስ አድርገን እናላላዋለን። መጣል የለም።

ፖሊ ግቢ፦
እትየ ያሉት ቃል የሚገርም ነው። እኛ ዘንድ «አንደርቮልት» የሚባለው ሥራ ይኸው ነው፤ ማላላት። ፍጥነቱን ሳትነካ ቮልቴጁን በጥቂቱ ዝቅ ታደርጋለህ። በኤኤምዲ ማሽን ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ፣ ለእያንዳንዱ ኮር ለብቻው ማላላት የሚቻልበት ቦታ አለ። ዕጣው ጥሩ የሆነ ኮር ብዙ ይላላል፣ ደካማው ጥቂት። መጀመሪያ ልጁ የጨመረውን ሁሉ ወደ ፋብሪካው መልሰው። ከዚያ በባዮሱ የማላሊያ ደረጃ 5፣ 5 እያልክ ውረድ። በየደረጃው ፈትን። የዋት ገደቡንም ከ170 ወደ 105 የሚያወርድ ምርጫ አለ። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ሙቀቱ ግን በብዙ ይወርዳል።

ሽምብጥ፦
አድርጌዋለሁ። አባዢውን መለስኩት። ኮሮቹን በ15 አላላኋቸው፣ ሁለቱ አልረጋ ስላሉ በ10 ተውኳቸው። የዋት ገደቡን 105 አደረግኩት። ሁለት ሌሊት ፕራይም95 አስኬድኩበት፣ አንድ ቀን ሙሉ ባዶውን አስቀመጥኩት። ትናንት ያንኑ የጠፋብኝን ሬንደር እንደገና አስነሳሁት። አለቀ።

እናቴ ጠዋት ወደ ክፍሌ ገባች። ፋኑ እንደ ወትሮው አይጮህም። ቆም ብላ አዳመጠችና «አላላኸው እንዴ?» አለችኝ።