«የተሰረዘ ረቂቅ»? ስለ ያን ዠንቺንግ

ብርዕ፦ ትናንት አንዱ ስለ ታንግ ዘመኑ ቻይናዊ የብሩሽ ጽሕፈት ሊቅ «ለሞተው የወንድሙ ልጅ የጻፈው የሐዘን ጽሑፍ እኮ ስርዝ ድልዝ ያለበት፣ የተሰረዘ ረቂቅ ነው፤ ያን ዠንቺንግ የሚመዘነው በሐውልቶቹ ነው» ብሎን ሄደ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከታይፔ ወደ ቶኪዮ ለዕይታ ሲላክ ያን ሁሉ ቁጣ የቀሰቀሰው «የተሰረዘ ረቂቅ» ነዋ?

ጥቁር ቀለም፦ እኔ ነኝ ያልኩት፤ አሁንም እላለሁ። ጄኔራሉ አን ሉሻን በታንግ መንግሥት ላይ ባነሳው አመፅ የተገደለው ልጅ ጭንቅላቱ ብቻ መገኘቱን ስለምታውቁ ነው የምታለቅሱት። የእሱ ጽሕፈት ከተቀረጸባቸው የድንጋይ ሐውልቶች የ752ቱን (እ.ኤ.አ.) የዱዎባኦ ሐውልትና ለቅድመ አያቱ የጻፈውን የ779ኙን የያን ቺንሊ ሐውልት ጎን ለጎን እዩ። መጀመሪያ ጥብቅ፣ ንጹሕ፣ የሌላም ሰው ሊሆን የሚችል ጽሕፈት፤ በኋላ አግድሙ ቀጥኖ ቁሙ ወፍሮ፣ ጎኖቹ ወደ ውጭ ተለጥጠው መሀሉ ሰፋ። እድገት ይኼ ነው።

ደብተራው፦ ቀስ! ከሐውልት ቅጂ ለማንሳት እርጥብ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ በብሩሽ እየተመታ ጭረቱ ውስጥ ይገባል፣ ጠፈፍ ሲል በጨርቅ ድቡልቡል ቀለም ይመታበታል። ይኼ ለዘመናት ሲደጋገም የድንጋዩ ፊት ይበላል፣ ጭረቱም ይቀጥናል። ዱዎባኦ እንደዚያ ተበልቷል። ያን ቺንሊ ግን እስከ 1922 መሬት ውስጥ ስለነበር ጠርዙ ስል ነው። ከምታየው ልዩነት ከፊሉ የድንጋዩ ነው።

ብርዕ፦ የጠራቢውም አለበት። የሶንግ ዘመኑ ጸሐፊ ሚ ፉ፣ ያን ዠንቺንግ በቤቱ አገልጋይ እያስጠረበ ጭረቱ ከእጁ ጽሕፈት እንደራቀ ጽፏል። ቁም ጽሕፈቱንም ተራ ብሎታል፤ ያከበረው ፈጣኑን ነው። የ758ቱ የሐዘን ረቂቅ ግን ወረቀት ነው፤ ጠራቢ የለበትም።

ጥቁር ቀለም፦ ያው ሚ ፉ ጀማሪ ሳለ የያን ዠንቺንግን ጽሕፈት ሲገለብጥ አልነበር? የበላበትን ወጪት ሰባሪ!

ብርዕ፦ ወደ ወረቀቱ ተመለስ። 23 መስመር ነው። ብሩሹ ሲደርቅ ጠጉሩ ይከፈላል፤ ያኔ ሌላው ጸሐፊ ብሩሹን ያጋድመዋል፣ ጭረቱም አንድ ጎኑ ይላጣል። ያን ዠንቺንግ ግን የብሩሹን ጫፍ ከጭረቱ መሀል ስለማያወጣው ነጩ ሰንጥቅ ከግራም ከቀኝም እኩል ይታያል። ሐዘን ይኼን አያስተምርም።

አጥናፍ፦ በ785 አመፀኛውን ጄኔራል ሊ ሺሌን አላገለግልም ብሎ የተገደለ ሰው እጁም እንደ ልቡ ቀጥ ያለ ነው።

ጥቁር ቀለም፦ ይኸው! ሌላውን የብሩሽ ጽሕፈት ሊቅ ዣዎ ሜንግፉንም የሶንግ ነገሥታት ዘር ሆኖ ሞንጎሎችን ስላገለገለ «ጽሕፈቱ አጥንት የለውም» ትሉታላችሁ። ብሩሽ ነው የምንመዝነው ወይስ ታማኝነት?

አጥናፍ፦ ሁለቱንም።

ደብተራው፦ ዣዎን እዚህ ማን ጠራው? ሌላ ክር ክፈቱለት።

ጥቁር ቀለም፦ እከፍታለሁ። ረቂቁ ግን ረቂቅ ነው።